«የሚበረታው የትኛው ነው?»፦ የስንፈተ ወሲብ መድኃኒቶች አነጻጸር ሲመረመር

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ግርጌ በሚገኘው የቁስቋም ሰፈር፣ ወደ መድኃኒት ቤት የገባ አንድ ጎልማሳ ሌሎቹ ገዢዎች እስኪወጡ ድረስ በሩ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። መጀመሪያ የራስ ምታት ኪኒን ይጠይቃል። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያቺን ሰማያዊዋን» ይላል። ባለሙያዋ «ጋሼ፣ የሐኪም ማዘዣ ይዘዋል?» ብትለው፣ «ለእኔ እኮ አይደለም፤ ለጓደኛዬ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህ ትዕይንት የቁስቋም ብቻ አይደለም። በባሕር ዳርም ሆነ በደሴ፣ ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ የቆመ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። ከማዘዣው ክርክር በኋላ የሚከተለው ጥያቄም በየቦታው አንድ ዓይነት ነው፤ «ከሁሉ የሚበረታው የትኛው ነው?»

ገዢው እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የሚያስወቅሰው የባለሙያውም ንጽጽር በዚሁ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። የአምራቾች በራሪ ወረቀቶች፣ በኪስ የሚያዙ የመድኃኒት መምሪያዎች፣ አልፎ አልፎም ለሐኪሞች የሚዘጋጁ ጽሑፎች እነዚህን መድኃኒቶች ጎን ለጎን ሲያቆሙ የሚመዝኑት በፍጥነትና በቆይታ ነው። በስንት ደቂቃ ይጀምራል? ስንት ሰዓት ይቆያል? ሠንጠረዡ በዚህ ይዘጋል። የቁስቋሙ ጎልማሳ ግን ከእነዚህ ቁጥሮች ይልቅ ስለ ራሱ ልብ፣ ስለ ደሙ ስኳርና ቤቱ ስላስቀመጣቸው ሌሎች ኪኒኖች ሊጠየቅ ይገባው ነበር።

የመድኃኒቶቹ ታሪክ ራሱ ወደ ልብ የሚያመለክት ነው። ሲልደናፊል የተገኘው በእንግሊዝ አገር ሳንድዊች በተባለች ከተማ በሚገኝ የፋይዘር ኩባንያ የምርምር ማዕከል ሲሆን፣ መጀመሪያ የታሰበውም የልብ ደም ሥር በመጥበቡ ለሚመጣ የደረት ሕመም ነበር። ለልብ የተጠበቀውን ያህል ሳይሆን ቀረ፤ በሙከራው የተሳተፉት ወንዶች ግን ሌላ ለውጥ አስተዋሉ። ቪያግራ በሚል ስያሜ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1998 በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ተፈቀደ። የአሠራሩ መሠረት የሆነው የናይትሪክ ኦክሳይድ ግኝትም በዚያው ዓመት ለሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች፣ ለፈርችጎት፣ ለኢግናሮና ለሙራድ፣ የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ቫርደናፊልና ታዳላፊል በዚያች አገር በ2003፣ አቫናፊል ደግሞ በ2012 ተከተሉ።

አራቱም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው። ወንዱ ስሜቱ ሲነሣሣ ከነርቮችና ከደም ሥር ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይመነጫል፤ ይህም ሳይክሊክ ጂ.ኤም.ፒ. የተባለውን ንጥረ ነገር በማብዛት የብልትን ደም ሥሮች ያላላል፣ ደምም ይሞላል። ፎስፎዳይኢስቴሬዝ 5 የሚባለው ኢንዛይም ይህን ንጥረ ነገር ይሰባብራል፤ መድኃኒቶቹ ደግሞ ኢንዛይሙን ይገታሉ። ከዚህ የሚከተለው ብዙ ገዢዎች ያልተነገራቸው ነገር ነው። ስሜት ከሌለ መድኃኒቱ የሚያቆየው ነገር የለም። ፍላጎትን አይፈጥርም፤ በትዳር ውስጥ የቆየ ቅሬታንም አያነሣም። ፍሬዋን ውጦ ቴሌቪዥን እያየ «እስኪሠራ» የሚጠብቅ ሰው መድኃኒቱ ሐሰተኛ ነው ብሎ ቢደመድም አይገርምም።

ስለ ብርታት የሚታወቀውን እንመልከት። በ1998 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን በወጣው የመጀመሪያው ታላቅ ጥናት፣ ሲልደናፊል ከወሰዱት ወንዶች ሙከራዎች 69 በመቶው ሲሳካ፣ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ግን የተሳካው 22 በመቶው ነበር። በቀጣዩ ዓመት በጃማ መጽሔት በወጣና በስኳር ሕሙማን ላይ ብቻ በተደረገ ጥናት ደግሞ መሻሻል ያዩት 56 በመቶ ሆኑ፤ በባዶ ኪኒን 10 በመቶ። ሁለቱ ጥናቶች መለኪያቸው አንድ ስላልሆነ ቁጥሮቹን በቀጥታ መቀናነስ አይገባም፤ ያም ሆኖ የስኳር ሕመም የመድኃኒቱን ጉልበት እንደሚቀንስ በሌሎችም ጥናቶች የታየ ነው። ስለዚህ በአንድ መድኃኒትና በሌላው መካከል ካለው ልዩነት ይልቅ በአንድ ታካሚና በሌላው መካከል ያለው ይሰፋል። ታዳላፊልም ሆነ ቫርደናፊል በየራሳቸው ጥናት ያገኙት ውጤት ከሲልደናፊል ጋር ተቀራራቢ ነው፤ አንዱ ከሌላው በርግጥ እንደሚበረታ ያሳየ አስተማማኝ ጥናት የለም።

ይህ ክፍተት በ2000ዎቹ «የምርጫ ጥናቶች» በሚባሉት ተሞላ። ታካሚው ሁለቱን መድኃኒቶች በየተራ ሞክሮ የወደደውን እንዲናገር ይደረጋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በአምራቾች ገንዘብ የተካሄዱ ሲሆኑ፣ ታካሚው የትኛውን እንደሚወስድ እያወቀ የመለሰባቸውም ነበሩ። የሚረዝመውን እየወሰደ መሆኑን የሚያውቅ ሰው የሚረዝመውን እንደ ወደደ ቢናገር ምን ያህል ያስተምራል? እንዲህ ያለው ውጤት በሠንጠረዥ ውስጥ በመቶኛ ሲቀመጥ ግን ከእውነተኛ የብርታት መለኪያ ጋር ይመሳሰላል።

ሠንጠረዡ በትክክል የሚያሳየው ልዩነት የጊዜና የምግብ ነው። ሲልደናፊልና ቫርደናፊል ከግንኙነቱ አንድ ሰዓት ያህል አስቀድመው ይወሰዳሉ፤ በደም ውስጥ ያላቸው መጠን በአራትና በአምስት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። አቫናፊል ፈጠን ይላል። የታዳላፊል መጠን በግማሽ ለመቀነስ 17 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል፤ ውጤቱም እስከ 36 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። ይህ ማለት 36 ሰዓት የሚቆም ብልት ማለት አይደለም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስሜት ሲመጣ ሰውነት ይታዘዛል ማለት ነው። ከአራት ሰዓት በላይ ሳይወርድ የቆየ ብልት በየትኛውም መድኃኒት ቢመጣ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ አደጋ ነው። ቅባት የበዛበት ምግብ ሲልደናፊልን በአንድ ሰዓት ያህል ያዘገየዋል፤ ታዳላፊልን ግን አይነካውም። ቅቤ የጠገበ ዶሮ ወጥ በልቶ ሲልደናፊልን የሚወስድ ሰው ሁለተኛ ፍሬ ከመጨመሩ በፊት ይህን ቢያውቅ ይጠቀማል። በጾም ወራት ቅቤ የለም፤ ሃይማኖቱን አጥባቂ በሆነ ቤት ግን በዚያ ጊዜ መድኃኒቱም አይፈለግም።

የጎንዮሽ ጉዳታቸው በአመዛኙ የጋራ ነው፤ ራስ ምታት፣ የፊት መጋል፣ የአፍንጫ መታፈን፣ የጨጓራ ማቃጠል። ሲልደናፊል ለአጭር ጊዜ ነገሮችን ወደ ሰማያዊ ያቀልማል፤ ታዳላፊል ጀርባና ጡንቻ ያሳምማል። ድንገተኛ የዓይን ወይም የጆሮ መጥፋት ብርቅ ቢሆንም ተመዝግቧል፤ ሲከሰት መድኃኒቱን አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው።

አሁን ሠንጠረዡ በግርጌ ማስታወሻ ወደሚያልፈው፣ ዋናው ሊሆን ወደሚገባው ነገር እንምጣ። ናይትሮግሊሰሪን፣ አይሶሶርባይድና መሰሎቻቸው፣ ማለትም የልብ ሕሙማን በምላሳቸው ሥር የሚያስቀምጧቸውም ሆኑ የሚውጧቸው ናይትሬቶች፣ የሚሠሩት ናይትሪክ ኦክሳይድን በመስጠት ነው። አንዱ መድኃኒት ምንጩን ይከፍታል፤ ሌላው መውረጃውን ይደፍናል። ሁለቱ በአንድ ሰው ደም ውስጥ ሲገናኙ የደም ግፊት ሊያሽቆለቁልና ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ሲልደናፊል ወይም ቫርደናፊል ለወሰደ ሰው ቢያንስ ለ24 ሰዓት፣ ታዳላፊል ለወሰደ ደግሞ ለ48 ሰዓት ናይትሬት አይሰጥም፤ ለአቫናፊል 12 ሰዓት ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ የታዳላፊል ዝነኛ ቆይታ ሁለት መልክ አለው። ዓርብ ማታ የወሰደ ሰው እሑድ ማለዳ ደረቱን ጨንቆት ከቁስቋም ቁልቁል ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ቢወሰድ፣ መድኃኒቱ ገና ከደሙ አልወጣም። በድንገተኛ ክፍል የተረኛው ሐኪም የመጀመሪያ እርዳታ ደግሞ ብዙ ጊዜ በምላስ ሥር የሚደረገው ኪኒን ነው። ታካሚው ከሚስቱና ከልጁ ፊት «ምን ወስደሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ «ምንም» ይላል። ለጓደኛው እንደገዛው የተናገረ ሰው እዚህ ሲደርስ ቃሉን ይለውጣል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ሐኪሙ ቤተሰቡን ለአፍታ አስወጥቶ፣ ጥያቄውን በስሙ ጠርቶ፣ «ይህን የምጠይቅዎት የምሰጥዎት መድኃኒት እንዳይጎዳዎት ነው» ብሎ ካልጠየቀ በቀር መልሱን አያገኝም። ለልብ ሕመም የሚሰጥ ሌላ ሕክምና አለ፤ መስጠት የሚቻለው ግን የተወሰደው ከታወቀ ነው። ፍትሐዊ ለመሆን፣ እነዚህ መድኃኒቶች በራሳቸው የልብ ድካምን ወይም ድንገተኛ ሞትን እንደሚያበዙ በቁጥጥር የተደረጉት ጥናቶች አላሳዩም። አደጋው በዋናነት ያለው በመገናኘቱ ላይ ነው።

ሁለተኛው መገናኘት ለእንጦጦ ግርጌ ሰፈሮች ልዩ ትርጉም አለው። በእንጦጦ ለጠበል ከየአገሩ የመጡ ከኤች.አይ.ቪ. ጋር የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ሰንብተውበታል፤ መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል ከጀመረም በኋላ ጠበሉንና ኪኒኑን አብሮ የመውሰዱ ጉዳይ ሲያነጋግር ቆይቷል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና የተሸጋገሩት አታዛናቪር ወይም ሎፒናቪር ከሪቶናቪር ጋር ይወስዳሉ። ሪቶናቪር እነዚህን የስንፈተ ወሲብ መድኃኒቶች የሚያስወግደውን የጉበት ኢንዛይም ያግዳል። ዛሬ ለማጠናከሪያ ከሚሰጠው በላቀ የሪቶናቪር መጠን በተደረጉ ጥናቶች፣ ሰውነት የሚያገኘው የሲልደናፊል መጠን 11 እጥፍ፣ የቫርደናፊል ደግሞ 49 እጥፍ ሆኗል። የታዳላፊል ጭማሪ ከእጥፍ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ሪቶናቪር ለሚወስድ ሰው ሲልደናፊል ከ25 ሚሊግራም እንዳይበልጥና በ48 ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን፣ ታዳላፊልም 10 ሚሊግራም በ72 ሰዓት አንድ ጊዜ እንዲሆን ይመከራል። የ100 ሚሊግራሙን ፍሬ «የሚበረታው ይህ ነው» ተብሎ የተሸጠለት ታካሚ ምን እንደ ዋጠ አስቡት። አሁን በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚሰጠው ዶሉተግራቪር ይህ ጠባይ የለውም፤ በመሆኑም ታካሚው «የምወስደው መድኃኒት አለ» ማለቱ ብቻ አይበቃም፣ የትኛው እንደሆነ መታወቅ አለበት።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ተቃራኒውን ያደርጋል። ሰውነት የሚያገኘውን የታዳላፊል መጠን በ88 በመቶ ይቀንሳል፤ ሲልደናፊልንም ያዳክማል። በሕክምና ላይ ያለው ሰው መድኃኒቱ አልሠራ ሲለው መጠኑን ይጨምራል፤ የነቀርሳው ሕክምና ሲያበቃ ግን በለመደው ከፍተኛ መጠን ይቀጥላል። ለጨጓራ የሚወሰደው ሲሜቲዲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ለፈንገስ የሚሰጠው ኬቶኮናዞልም በየመጠናቸው ሲልደናፊልን ከፍ ያደርጋሉ። ለፕሮስቴት የሚሰጡት እንደ ታምሱሎሲን ያሉ መድኃኒቶች ሲታከሉ ደግሞ አዛውንቱ ከአልጋ ሲነሡ ሊወድቁ ይችላሉ። ጠቃሚ ንጽጽር የሚባለው ይህን የያዘ ነው፤ በአገራችን እጅግ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ጋር አራቱ እንዴት እንደሚስማሙ የሚያሳይ።

በጫት ምርቃና ላይ የሚወሰደው ፍሬ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ጫት ልብን ያፈጥናል፣ የልብ ደም ሥሮችን ያጠባል፤ በየመን የተደረገ ጥናትም ከልብ ድካም ጋር አያይዞታል። ከዚያ ለጨብሲ አልኮል ይጨመራል፤ አልኮል ደግሞ ግፊትን ያወርዳል፣ መቆምንም ያዳክማል። በዚህ ሁሉ መካከል መድኃኒቱን የሚወስደው ብዙ ጊዜ ጤነኛ ወጣት ነው። የሚጎዳው ከምንም በላይ በራሱ ላይ ያለው እምነት ነው፤ ያለ ፍሬዋ እንደማይችል ያምናል፤ ከጊዜ በኋላ ፍርሃቱ ራሱ ስንፈት ይሆናል። «ከዕፅዋት የተቀመመ» ወይም «ማር» ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን ያው ሊሆን ይችላል። የአሜሪካው አስተዳደር በ2022 ስያሜያቸው ያልገለጸው ሲልደናፊልና ታዳላፊል በተገኘባቸው የማር ምርቶች ሻጮች ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ታዲያ በሰፈሩ ጎልማሳ ላይ ስንፈቱ ለምን መጣ? የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ይቀጥናሉ፤ ቅባትና ግፊት፣ ትምባሆና ስኳር የሚያበላሹት ግድግዳ መጀመሪያ የሚታወቀው በቀጭኑ ሥር ነው። የልብ ሕመም ባለባቸው ወንዶች ላይ ስንፈቱ ከደረት ሕመሙ በሁለትና በሦስት ዓመት ቀድሞ እንደሚመጣ ጥናቶች ያመለክታሉ። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በስኳር ሕሙማን ወንዶች ላይ በተደረጉ በርካታ ጥናቶችም ችግሩ ከተጠየቁት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ተገኝቷል። በመስኮቱ ፊት የቆመው ሰው የደም ግፊቱን ተለክቶ፣ የደም ስኳሩን ተመርምሮ የማያውቅ ከሆነ፣ የሚሸጥለት ፍሬ ምልክቱን ያጠፋና የሁለት ዓመቱን ዕድል ይዞበት ይሄዳል። የቁስቋም አቀበት እዚህ ላይ ያግዛል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለውን ዳገት ደረቱን ሳይጨንቀው፣ ሳያርፍ የሚወጣ ሰው ልቡ ለግንኙነቱ ድካም ይበቃ ይሆናል፤ በመሐል ቆሞ ደረቱን የሚይዝ ግን ከመድኃኒት ቤቱ አስቀድሞ ወደ ሐኪም መሄድ ይኖርበታል። ይህ ግምት እንጂ ምርመራ አይደለም።

ሕጉ መድኃኒቶቹን በሐኪም ማዘዣ ብቻ እንዲሸጡ ያዛል፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም የቁጥጥሩን ሥልጣን ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል። ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን መውቀስ ቀላል ነው። ወቀሳው ግን ወደ ምርመራ ክፍሉም መዞር አለበት። በስኳር ክትትል ክፍል ስንት ሐኪም ነው «በትዳርዎ በኩል እንዴት ነዎት?» ብሎ የሚጠይቀው? በአንድ ክፍል ሁለት ታካሚዎች ጎን ለጎን በሚታዩበት፣ በሩ በየደቂቃው በሚከፈትበት ሁኔታ ታካሚው በራሱ አፍ ይናገራል ተብሎ ይጠበቃል? ማዘዣ የሚጽፍ ሰው ሳያገኝ «ማዘዣ አምጣ» የተባለው ጎልማሳ ወደ ሐኪም አይሄድም፤ ወደ ሌላ መስኮት ይሄዳል፤ እዚያም ካላገኘ ከመንገድ ይገዛል። ከመስኮቱ የሚመልሰው ባለሙያ ሥራውን የሚፈጽመው የት እንደሚሄድ ሲነግረውና ደም ግፊቱን ሲለካለት ነው።

አንድ ነገር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ሲልደናፊል ለሳንባ ደም ሥር ግፊት መጨመርም ይታዘዛል፤ የልብ ችግር ያለባቸው ሕፃናትም ይወስዱታል። ለልጇ የታዘዘውን ወረቀት ይዛ የቀረበች እናት ከመስኮቱ ጀርባ ፈገግታ ሲገጥማት፣ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ዝና ብቻ አይደለም።

በፓኬቱ ውስጥ የሚገኘው መግለጫ ወረቀት ስለ ናይትሬት፣ ስለ ሪቶናቪርና ስለ ቀሪው ሁሉ ይናገራል። እንደ ጽሑፍ ሲታይ ግን የተጻፈው ለታካሚው አይመስልም። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ሕይወት የሚያድነው ዓረፍተ ነገር ከኬሚካዊ ስያሜውና ከቀለሙ ዝርዝር በኋላ ይመጣል። በአማርኛ ቢዘጋጅ፣ በመጀመሪያው መስመር «ለልብ በምላስዎ ሥር የሚያደርጉት ኪኒን ካለ ይህን አይውሰዱ» ቢል፣ በሁለተኛው «ደረትዎን ካመመዎት ይህን መውሰድዎን ለሐኪሙ ይንገሩ» ቢል ሁለት ጣት የምታህል ወረቀት ትበቃ ነበር። ወረቀቷም በፍሬዋ ማሸጊያ ላይ መለጠፍ አለባት እንጂ በካርቶኑ ውስጥ መታጠፍ የለባትም። ጎልማሳው ካርቶኑን ከነመግለጫው ከመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ጥሎ፣ ፍሬዋን ብቻ በደረት ኪሱ ከትቶ ነው አቀበቱን የሚወጣው።